ጥቁር ስክሪን

የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየመው የላስ ቬጋስ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር ገጠመ። ዕቃውን የገዛለት አባቱ ነው። አባትየው አዲስ አበባ ሳለ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ እዚህ ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዳል። ገንዘቡ ለክረምት አያቱን ለመጠየቅ ከተጠራቀመው የትኬት ገንዘብ የወጣ መሆኑን ልጁ ያውቃል።

የማብሪያውን ቁልፍ ሲጫን ፋኖቹ ዞሩ፤ መብራቶቹ በሩ። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ማድረግ ያለበትን ሁሉ አደረገ። የስክሪኑ ገመድ የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሆኑን አየ። ብዙ ጀማሪዎች የሚረሱትን፣ በማዘርቦርዱ ጥግ የሚሰካውን ባለ 8 ፒን የፕሮሰሰር የኃይል ገመድ ፈተሸ፤ በቦታው ነው። ሁለቱን ራሞች ነቅሎ ቀጭ እስኪሉ መልሶ ተከላቸው። ማዘርቦርዱ ላይ ካሉት ትንንሽ የምርመራ መብራቶች መካከል የራሙ እንደበራ ቀረ። ሳንቲም የምታህለውን ባትሪ አወጣ፣ መለሰ፣ አስነሳ፣ አንድ ደቂቃ ጠበቀ፣ አጠፋ። ሌሊቱን እንዲህ ሲል አደረ። ለአባቱ አልደወለም። ምን ብሎ ይደውላል?

አባትየው ጎሕ ሲቀድ ገባ።

«እምቢ አለህ?»

«ሞቷል አባ። ራሙን እንመልሰዋለን።»

አባትየው ስለ ራም የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው ወረቀት ማገላበጥ ነው። መነጽሩን አድርጎ ደረሰኝ ፍለጋ ካርቶኖቹን ሲበረብር፣ ልጁ ከራሙ መሰኪያ ላይ ልጦ የጣለውን ተለጣፊ ወረቀት አገኘ። ትንሽ ሠንጠረዥ አለበት፦ የራሙ መጠን በጨመረ ቁጥር የመጀመሪያው አነሳስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ይናገራል።

«ስንት ደቂቃ ጠበቅኸው?»

«አንድ።»

«እዚህ ላይ ከዚያ በላይ ይላል።»

ዲዲአር 5 የሚባለው አዲሱ ራም በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ መረጃ ይለዋወጣል። ስለዚህ ማሽኑ መጀመሪያ ሲነሳ በፕሮሰሰሩና በራሙ መካከል ያሉትን መስመሮች ይፈትናል፤ ምልክቱ በየትኛው ቅጽበት በትክክል እንደሚነበብ እየሞከረ ይመዘግባል። ይህ እስኪያልቅ ስክሪኑ ላይ የሚታይ ነገር የለም። መሀል ላይ ከተቋረጠ ሥራው እንደገና ይጀመራል፤ ባትሪው ሲወጣ ደግሞ የተመዘገበውም ይጠፋል። ልጁ ሲጠግን ያደረ መስሎት ሲያቋርጥ ነበር ያደረው።

አባትየው ቁልፉን ራሱ ተጫነ። ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ እየጠበቀ ወረፋ መቀመጥ የለመደ ሰው ነው፤ ሻይ ጣደ። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ልጁ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«ተወው።»

እጁን መለሰ። የሚነካካው ነገር ሲያጣ፣ ሳምንቱን ሙሉ አፉ ላይ የነበረው ወጣ።

«አባ፣ ትኬቱስ? እማማ ትጠብቀን የለ?»

«ነግሬያታለሁ። ለሚቀጥለው ክረምት አልኳት።»

«ምን አለች?»

«‹ልጁ ይማርበት፤ እኔ የት እሄዳለሁ› አለች።»

ልጁ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። 82 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ይህን አልተናገሩትም።

ስክሪኑ ሲበራ አባትየው ጀርባውን ሰጥቶ ሻይ እየቀዳ ነበር። ልጁም ወዲያው አልነገረው። ብርጭቆውን ተቀብሎ አጠገቡ ተቀመጠ።