ያልተጻፈው መንገድ

አርባ ምንጭን በአንድ ቀን በእግሩ ሊጎበኝ የመጣ አንድ መምህር፣ በዋዜማው ማታ ዕቅዱን በእርሳስ ነደፈ። ፀሐይ ሳትበረታ ከሴቻ አፋፍ ላይ ሆኖ ቀላ ያለውን አባያንና ሰማያዊውን ጫሞን፣ በመካከላቸውም የተዘረጋውን የእግዜር ድልድይ ይመለከታል። ከዚያ ቁልቁለቱን ወደ ሲቀላ ወርዶ ገበያውን ይቃኛል። ቀትር ላይ ከተማይቱ ስሟን ካገኘችባቸው ምንጮች ዘንድ በደኑ ጥላ ሥር ያርፋል።

ዕቅዱን ላሳደሩት አረጋዊ አነበበላቸው።

«መልካም ነው ልጄ፤ ግን የምትሄድበትን መንገድ አልጻፍኸውም» አሉት።

ከዚያም አስታወሱት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በወገኖቻቸው ላይ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች በዚህችው ከተማ እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹ ቁጣቸውን እንደ ያዙ ተመለሱ፤ የሰው ሕይወትና ንብረትም ዳነ።

መምህሩ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ እርሳሱን አንሥቶ ለሐይቆቹ ከመደበው ሰዓት ግማሹን ሰረዘና በምትኩ፣ «ከሽማግሌዎች ጋር መቀመጥ» ሲል ጻፈ።