ያ ከሰል ከየት ነው የመጣው?

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ከብሎኩ ሥር አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች፤ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት የወረደ ገመድ ቻርጅ ሲያደርጋት አድሯል። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ደግሞ አንድ እናት ከሰል እያያያዙ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ አላቸው። ግን ትናንት ልክ በእራት ሰዓት መብራት ሄደ፤ የመጣው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። መኪናዋ ጠግባ አደረች፣ ወጡ ሳይሠራ አደረ። በረንዳ ላይ መውጣታቸውም ያለምክንያት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ስንቱን ተኝቶ አስቀርቷል።

ስለ ዜሮ ልቀት ሲወራ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ መኪናዋ ነው። አልተሳሳተም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። (አንድ ኪሎ የማይሞላ ፈሳሽ ከ2 ኪሎ በላይ ጋዝ የሚሆነው፣ ቀሪውን ክብደት ከአየሩ ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው።) የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው የሚመነጨው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ሕዳሴ ብቻውን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ አቅም አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል ብዙ ሰው ቢያማርርም፣ በልቀት በኩል ሒሳቡ ትክክል ነበር።

ችግሩ ሒሳቡ ትንሽ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የአገሪቱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በ2010 የነበረውን ዓመታዊ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ብሎ መዝግቦታል። ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን ነው። ትራንስፖርት? 3 በመቶ ገደማ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዜሮ በዋናነት ያለው በከብቱ፣ በጫካውና በምድጃው ዘንድ ነው።

ለመሆኑ ለምን ዜሮ? ለምን ግማሽ አይበቃም? ጀሞ ውስጥ ውኃ በፈረቃ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው በሮቶ ማሰብ ይቀላል። ወደ ሮቶው የሚገባው ብዙ፣ የሚወጣው ጥቂት ከሆነ፣ ቧንቧውን በግማሽ መዝጋት የሚሞላበትን ቀን ያዘገያል እንጂ መሙላቱን አያስቀረውም። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንደዚሁ ነው። የሰው ልጅ በየዓመቱ ከሚለቀው ግማሽ ያህሉን ውቅያኖስና ዕፅዋት ይወስዱታል፤ ቀሪው አየር ላይ ይከማቻል፣ ብዙው ክፍልም ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። ከኢንዱስትሪው አብዮት በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ገደማ የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል። ሙቀቱ የሚከተለው ይህንን ክምችት ነው። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሙቀቱን 1.5 ዲግሪ ላይ ለመያዝ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት በ2050 አካባቢ የተጣራ ዜሮ መድረስ አለበት ያለውም ለዚህ ነው። የከብቱ ሚቴን ጠባዩ ሌላ ነው፤ እጅግ ያሞቃል፣ ግን በአስር ዓመት ገደማ ውስጥ አብዛኛው ይበተናል። እሱን መቀነስ ቶሎ ፍሬ ይሰጣል፣ ባዶ ማድረስ ግን ግዴታ አይደለም።

«የተጣራ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከሰሉ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ «ዲከረንስ» የሚባለውን ግራር ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከሰብል ጋር አብሮ ያበቅለዋል። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ እዚያው ያከስለዋል፣ ከዚያ እንደገና ይተክላል። ከዚህ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ከጥቂት ዓመታት በፊት አየር ላይ የነበረ ነው፤ በቀጣዩ ዙር ችግኝ ደግሞ ተመልሶ ይያዛል። ንጹሕ ዜሮ ነው ማለት አይቻልም፤ ሲከሰል የሚወጣ ሚቴን አለ፣ ጭነቱን የሚያመጣው አይሱዙ ናፍጣ አለ። በቅርብ ዓመታትም የፈንገስ በሽታ ዛፉን አጥቅቶታል። ግን ዙሩ ይዘጋል።

ሌላ ከሰልም አለ። በስምጥ ሸለቆ ለአሥርተ ዓመታት ያደገ የተፈጥሮ ግራር ይቆረጣል፣ የሚተካው የለም። በባህላዊው አከሳሰል ለአንድ ኪሎ ከሰል ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል። ይህ ንጹሕ ዕዳ ነው። ሁለቱም ጀሞ ሲደርሱ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ውስጥ ናቸው።

በችግኝ ይካካሳል የሚል ይኖራል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ከባቢ አየር ግን የተተከለ አይቆጥርም፤ የጸደቀና ቆሞ የከረመ ነው የሚቆጥረው። የደረቀ ችግኝ የያዘውን ጥቂት ካርቦን መልሶ ይሰጣል።

ኢትዮጵያ ከዓለም ልቀት ያላት ድርሻ 1 በመቶ አይሞላም፣ ዕዳው የሀብታሞቹ ነው የሚለው ክርክርም እውነት ነው። ግራሩ ያለቀበት መሬት ግን ክርክር አይሰማም፤ አፈሩ ይታጠባል።

እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ 32ኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ታስተናግዳለች። እንግዶቹ በኤሌክትሪክ መኪና መመላለሳቸው አይቀርም። የጀሞዋ እናት ግን ከሰሉን የሚተዉት መብራቱ በእራት ሰዓት የማይሄድ፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚለው ታሪፍም ከከሰሉ የማይበልጥ ሲሆን ነው። ይህ የሚወሰነው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በታሪፉ ሰንጠረዥ ነው፤ ጉባኤ አያስፈልገውም።

ከሰሉ አልቆባቸው ወረዱ። ከብሎኩ ጥግ የሚሸጠውን ወጣት ጠየቁት፦

«ይሄ ከየት የመጣ ነው፣ ልጄ?»

«ጥሩ ከሰል ነው፣ እማማ፤ አይንጣጣም።»