ነቀምቴ የገባ ስለ አስቴር ጋኖ ይጠይቅ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ በኩል ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ነቀምቴ ይደርሳል። ከተማዋ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ዙሪያዋ አረንጓዴ የሆነ የወለጋ እምብርት ናት።

ለእንግዳ ከሚቀርበው ምግብ አንዱ አንጮቴ ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ከነልጣጩ ይቀቀልና ተልጦ በቅቤና በሚጥሚጣ ይበላል። የአገሩ እናቶች ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይመርጡታል።

ከተማዋን ሊያይ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚመራው ወደ ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ነው። ኩምሳ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የሚባሉት የለቃ ነቀምቴ ገዥ ናቸው። ከዚያም የወለጋ ሙዚየም አለ፤ የሴቶች እጅ የሠራው ስፌት ከእንጨት ሥራው ጋር ተቀምጧል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብም በ1931 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) አርፈው የተቀበሩት በነቀምቴ ነው።

ይሁን እንጂ ከኦኔሲሞስ ስም ጋር አብሮ ሊነሳ የሚገባው የአንዲት ሴት ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እኚህም ሴት አስቴር ጋኖ ናቸው።

አስቴር የተወለዱት በ1872 ገደማ ነው። ከነፃ ቤተሰብ ቢወለዱም የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋቸው። ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ ባሕር ላይ ሳሉ በ1886 የጣልያን መርከብ ጀልባዋን ያዘና ነፃ ወጡ። በምፅዋ አቅራቢያ በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠሩ።

ባርነት ከአገራቸው ቢለያቸውም ቋንቋቸውን አልነጠቃቸውም። ለትርጉሙ ሥራ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን በጽሑፍ አሰፈሩ። ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ።

በ1904 አስቴርና ኦኔሲሞስ ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ። አስቴርም በነቀምቴ አስተማሪ ሆኑ። ባሪያ ተብለው የተሸጡት ልጅ የሌሎችን ልጆች እጅ ይዘው ፊደል አስቆጠሩ ማለት ነው። ያረፉት በ1964 ነው።

እናቶች ሆይ! ይህ ታሪክ ከጓዳችን የራቀ አይደለም። አስቴር ለመጽሐፍ ያበቁት በየቤቱ እሳት ዳር ለልጆች የሚነገረውን ነው። እኛስ አያቶቻችን ይነግሩን የነበረውን ተረት ለልጆቻችን እንነግራለን? ወይስ ሥራ ውለን ደክመን ስንገባ «ነገ» እያልን እናልፈዋለን? አንድ ደብተር ከማዕድ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። አያት ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር አንድ እንቆቅልሽ ይጻፍበት። ልጆቻችንም ነቀምቴ የመሄድ ዕድል ሲያገኙ ቤተ መንግሥቱን አይተው ብቻ አይመለሱ፤ «አስቴር ያስተማሩት የት ነበር?» ብለው ይጠይቁ።