ሳል የያዛት ፍየል

የንባብ ክፍል፦ ምሳሌ 27፥23-27፤ ሚልክያስ 1፥6-14

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍየል መልካም ስም የላትም። በማቴዎስ 25 በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ መቆማቸውን ስላነበብን «እንደ ፍየል አትሁን» ስንባባል ኖረናል። ከፍየል ጋር ላደገ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በዘጸአት 12 የፋሲካው መሥዋዕት ከበጎች ወይም ከፍየሎች እንዲወሰድ ተፈቅዷል። በዘጸአት 26 ደግሞ ለማደሪያው ድንኳን ከፍየል ጠጉር መጋረጃ እንዲሠራ ታዝዟል። በማቴዎስ 25ም ቢሆን ጌታ የሚጠይቀው ስለ ቀንድና ስለ ጠጉር ሳይሆን ስለተራበው፣ ስለታረዘውና ስለታሰረው ሰው ነው።

እኛ ፍየል የምናረባው በወላይታ ቆላ፣ ከሁምቦ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው አገር ነው። አባቴ ወደ ጌታ ከሄደ በኋላ ርባታው የእናቴ፣ የእኔና የታናሽ እህቴ ሆነ። በጋ ሲጠና ሣሩ ያልቃል፤ ላምም ትከሳለች። ፍየል ግን በኋላ እግሮቿ ቆማ የግራር ቅጠል ትቀነጥባለች፤ የወደቀውንም ፍሬ ትለቅማለች። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚባለው ለነቀፋ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ግን ቤተሰብ የሚያኖረው ይኸው ጠባይዋ ነው።

ፍየል አምስት ወር፣ ማለትም 150 ቀን ያህል አርግዛ ትወልዳለች፤ መንታ መውለዷም የተለመደ ነው። ግልገሉ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ካልጠባ በሽታ የሚቋቋምበትን አቅም አያገኝም። ስለዚህ መውለጃዋ የደረሰውን ማወቅ፣ ሌሊት ተነሥቶ ማየት፣ ልጇን አላስጠጋ ያለችውን እናት ይዞ ማስጠባት የባለቤቱ ሥራ ነው። ምሳሌ 27 መንጋህን በቅርብ እወቅ ይለናል፤ ሀብት ለዘላለም እንደማይኖር ካስጠነቀቀን በኋላም የፍየል ወተት ቤተሰብን እንደሚመግብ ይነግረናል። እናቴ ማታ ጉረኖው በር ላይ ቆማ ፍየሎቹን ስታስገባ ቁጥር አትጠራም። «ቡሬዋ ገባች፤ ቀንደ ሰባራዋ ገባች፤ የዳለቻዋ ልጅ ገባ» ትላለች። አንዲት ብትቀር የትኛዋ እንደቀረች ወዲያው ታውቃለች።

በ2008 ዓ.ም. አገሪቱን ያጠቃው ድርቅ ገና ሳይለቀን፣ በመንጋችን ላይ ሳል ገባ። መጀመሪያ አንዲት ቀይ ፍየል ከመንጋው ወደ ኋላ ቀረች። በማግስቱ አንገቷን ዘርግታ፣ የፊት እግሮቿን ከፍታ ቆማ በጭንቅ ትተነፍስ ጀመር፤ ከአፏም አረፋ ይወጣ ነበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያው አይቷት የፍየል ሳንባ በሽታ መሆኑን ነገረን። በሽታው ማይኮፕላዝማ በሚባል ተህዋሲ የሚመጣ ሲሆን ከፍየል ወደ ፍየል በሳልና በትንፋሽ ይተላለፋል። ክትባት አለው፤ የሚጠቅመው ግን በሽታው ሳይገባ የተሰጠ እንደሆነ ነው። ቶሎ ከተደረሰላቸው በመድኃኒት የሚድኑ አሉ፤ ካልሆነ ግን ጉረኖ ባዶ ያስቀራል።

34 ፍየሎች ነበሩን። በሳምንቱ ሰባቱ ይስሉ ጀመር። የእህቴ የነርሲንግ ትምህርት ክፍያ አንድ ወር ቀርቶታል፤ ክፍያው ደግሞ ከፍየሎቹ እንጂ ከሌላ ከየትም አይመጣም።

በዚያ ሰሞን አንድ ነጋዴ ቤታችን መጣ። ስለ ሳሉ ሰምቷል፤ የመጣውም ለዚሁ ነበር።

«እማማ፣ ሁሉንም በግማሽ ዋጋ ልውሰድልዎት። መድኃኒት ወግቼ ሳሉ ጋብ ሲል ገበያ አስገባቸዋለሁ፤ ማንም አያውቅም» አላት።

«የሚገዛውስ?»

«ገበያ ነው፤ ያየውን ይገዛል።»

«ልጄ፣ የሚገዛውም ጉረኖ አለው። እነዚህን ከዚያ ብታስገባ የእሱም ያልቃሉ። ቡናህን ጠጣ፤ ፍየል ግን አልሸጥልህም።»

ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ከእሱ በኋላ አጎቴ መጣ። «ልጅቷን አስቢ እንጂ! ሰው ሁሉ እየሸጠ አይደል?» ብሎ ተቆጣ። እናቴ አልመለሰችለትም። ማታ ለቤተሰብ ጸሎት ስንሰበሰብ ግን ሚልክያስ ምዕራፍ 1ን አስነበበችን። በዚያ ዘመን ሕዝቡ ዕውሩን፣ አንካሳውንና የታመመውን እንስሳ ወደ መሠዊያው ያመጣ ነበር፤ እግዚአብሔርም ይህንኑ ለገዢያችሁ ልታቀርቡ ትደፍራላችሁን ብሎ ጠየቃቸው። ንባቡ ሲያበቃ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ለእግዚአብሔር የታመመ አይሰጥም ካልን፣ እሱ በአምሳሉ ለፈጠረው ሰው የታመመ ይሸጣል?»

የታመሙትን ለይተን ለብቻ አስቀመጥናቸው። እናቴ ሌሊት እየተነሣች ውሃ በእጇ ታጠጣቸው ነበር። መድኃኒቱ ለአንዳንዶቹ ደረሰላቸው፤ 13ቱ ግን ሞቱ። ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው። እህቴም ያን ዓመት ትምህርቷን አቋረጠች።

ጌታ በዓመቱ እጥፍ አድርጎ መለሰልን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እንዲያ ግን አልሆነም። የቀሩት 21 ፍየሎች ወደ ቀድሞው ቁጥር ለመመለስ አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እህቴ ተመልሳ ጀመረች፤ እኩዮቿ ግን ቀድመዋት ሄደው ነበር። ያ ዓመት ከባድ እንደነበር አሁንም ትናገራለች። ታማኝነት ከእግዚአብሔር ጋር የምናደርገው ንግድ አይደለም፤ ትርፉን ቆጥረን አንገባበትም። እናቴ እምቢ ያለችው እጥፍ እንደምትቀበል አስባ ሳይሆን ጌታ እንዲህ ያለ ገበያ እንደማይወድ ስላወቀች ነው።

ወገኖቼ፣ ሁላችንም ፍየል አናረባም። ሳል የያዘው ዕቃ ግን በብዙዎቻችን እጅ አለ። የሞተሩን ሕመም ደብቆ መኪናውን የሚሸጥ አለ። የረጠበውን ግድግዳ ቀለም ቀብቶ ቤቱን የሚያከራይ አለ። ሲሚንቶ ቀንሶ የሚገነባም አለ። እሑድ እጃችንን አንሥተን አምልከን፣ በገበያ ቀን «ማንም አያውቅም» የምንል ከሆነ ነገራችን ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ነው። የማናውቀው ገዢ ባልንጀራችን ነው፤ እሱም ጉረኖ አለው፣ በቤቱም የትምህርት ክፍያ የሚጠብቅ ልጅ ይኖራል።

ጌታን ገና እየፈለግህ ያለህ ወዳጄ፣ ገና እየፈለግሽ ያለሽ እኅቴ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ብዙዎቻችን ወደ እግዚአብሔር የምንቀርበው ሳላችን ጋብ ካለ በኋላ፣ ጤነኛ መስለን ነው። ኢየሱስ ግን በማርቆስ 2 የመጣው ለበሽተኞች እንደሆነ ተናግሯል። መንጋውን በስም ያውቃል፤ ስንታመም በግማሽ ዋጋ አውጥቶ አይሸጠንም። ይልቁንም ስለ እኛ ዋጋ ከፍሏል። እሱ ፊት ሕመምን መደበቅ አያስፈልግም።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ሰው በማያየኝ ቦታ አንተ እንደምታየኝ አሳስበኝ። ከምሸጠው በፊት የሚገዛኝን ሰው እንዳስብ ልብ ስጠኝ። እውነት ዋጋ ሲያስከፍለኝ አጠገቤ ቁም፤ የታመመውንም ልቤን ደብቄ ሳይሆን ገልጬ ወደ አንተ እንዳመጣ እርዳኝ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።