የቆመ ሠራተኛ ምን ይጠብቃል? ከሰቆጣ የግንባታ ሥፍራ የተገኘ ትዝብት

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የሠራተኛ ምርታማነትን ስመርጥ መልሱን አስቀድሜ ይዤ ነበር። በሰቆጣ ከተማ በአንድ የመማሪያ ሕንፃ ግንባታ ላይ በሳይት መሐንዲስነት ስሠራ፣ የቀን ሠራተኞች ቆመው ባየሁ ቁጥር በሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ምልክት አደርግ ነበር። አንድ ረዳት የግማሽ ቀን ደመወዝ ሲቆረጥበት የፈረምሁት እኔ ነኝ። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር በኽምጣኛ ጥቂት ተነጋገረና በአማርኛ «ኢንጅነር፣ አሸዋ እኮ አልመጣም» ብሎኝ ሄደ። ሰበብ መሰለኝ።

ለጥናቱ ወደዚያው ሳይት ስመለስ የተጠቀምሁበት ዘዴ እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ቲፔት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የጀመረው የናሙና ምልከታ ነው። በዘፈቀደ በተመረጡ ሰዓቶች ሳይቱን እየዞሩ፣ እያንዳንዱ ሰው በዚያች ቅጽበት የሚያደርገውን መመዝገብ ነው። መዝገቤን «ይሠራል» እና «ቆሟል» ብዬ ለሁለት ከፍዬ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን «ቆሟል» የሚለውን ዓምድ መከፋፈል ግድ ሆነብኝ። ውኃ የሚጠብቅ፣ አሸዋ የሚጠብቅ፣ ማልታ የሚጠብቅ፣ ድንጋይ የሚጠብቅ። ምንም ሳይጠብቅ የቆመው ከሁሉም አነሰ።

ምክንያቱ ግቢውን በእግር ለለካው ግልጽ ነው። ድንጋዩ ገልባጭ መኪናው በተመቸው ቦታ ተራግፏል፤ አሸዋው ከሕንፃው ጀርባ፣ የውኃ በርሜሉ ደግሞ በበሩ አጠገብ ነው። ማልታ አቡኪው ውኃ ለማምጣት ግቢውን ያቋርጣል፤ ባሬላ የያዙት ሁለት ረዳቶች እሱን ይጠብቃሉ፤ ግንበኛው እነሱን ይጠብቃል። አንዱ በርሜል ሩቅ በመሆኑ ሦስት ሰው ይቆማል፤ በእኔ መቆጣጠሪያ ላይም ሦስት ሰነፍ ይመዘገባል።

ራሱ ግንበኛ የነበረው አሜሪካዊው ፍራንክ ጊልብሬዝ ይህን ከመቶ ዓመት በፊት አስተውሎታል። ጡቡና ማልታው ከግንቡ ጋር አብሮ ከፍ በሚል መደብ ላይ እንዲቀመጥ አደረገ። ግንበኛው ከመጎንበስ ሲድን፣ አንድ ጡብ ለማኖር ያስፈልግ የነበረው 18 እንቅስቃሴ ወደ 5 ገደማ ወረደ፤ በሰዓት 120 የነበረውም ጡብ 350 ደረሰ። የእኛ ድንጋይ እንደ ጡብ አንድ ልክ የለውምና ቁጥሩን መዋስ አይቻልም። ጎንበስ ማለቱ ግን ያው ነው።

ሲሚንቶ ሌላ ጣጣ አለው። ቅርቡ ፋብሪካ የመቀሌው መሰቦ ቢሆንም፣ ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የእኛ ሳይት ሲሚንቶ ከመሀል አገር በወልድያ በኩል ዞሮ ነበር የሚመጣው። እንዳይቋረጥ ተፈርቶ በብዛት ይከማቻል፤ በባዶ ወለል ላይ የተደረደረው ባለ 50 ኪሎ ከረጢት እርጥበት ስቦ ይጓጉላል። በእንጨት መደብ ላይ ከግድግዳ አርቆ መደርደር፣ አስቀድሞ የገባውንም አስቀድሞ ማውጣት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከፎርማኑ ጋር ተስማምተን በርሜሉንና አሸዋውን ወደ ማልታ ማቡኪያው አስጠጋን፤ የነገው ድንጋይም ዛሬ ማታ ግንቡ ሥር እንዲቀርብ አደረግን። ማልታና ድንጋይ የሚጠብቀው ሰው ቀነሰ። ሲሚንቶ ባልደረሰባቸው ቀናት ግን ሁሉም ቆሞ ዋለ፤ ለዚያ መፍትሔ አላገኘሁም።

ያንን ረዳት ፈልጌ ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዷል አሉኝ። ቅጹን አስተካክዬ የተቆረጠበት እንዲመለስለት ፈርሜያለሁ፤ ገንዘቡ ተቀባይ አጥቶ በሒሳብ ሠራተኛዋ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።