የጥድ አጥር የማን ልጅ ነው?

ነገሩን የቆሰቆሰው አንድ ወዳጄ ነው። ቡና እየጠጣን የጎረቤቱን አጥር በአገጩ አመለከተና፣ «ይሄ የፈረንጅ ጥድ እኮ ከነክሪስቶፎ ዳ ጋማ ጋር የመጣ ነው» ብሎ አረፈው። ማስረጃው ዛፉን ፖርቱጋላዊ የሚያደርገው ሳይንሳዊ ስሙ ነው። የፖርቱጋላዊው የዳ ጋማ ነፍጠኞች ወደ እኛ አገር የዘመቱት በ1541 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ስለዚህ ለወዳጄ ነገሩ አበቃ። እኔን ግን ከነከነኝ።

ስሙን በ1768 ያወጣው እንግሊዛዊው የአትክልት ሊቅ ፊሊፕ ሚለር ነው። ያኔ ዛፉ የሚታወቀው ፖርቱጋል ውስጥ፣ ቡሳኮ በተባለ ገዳም ነበር። ወደዚያ ከጎዋ፣ ከሕንድ መጣ የሚሉም ነበሩ። ዕውነተኛ አገሩ ግን የሜክሲኮና የጓቲማላ ደጋ ነው። ወዳጄን ደግሞ የሚረታው ዓመቱ ነው፤ የቡሳኮ ገዳም የተጀመረው በ1628 ነው። መነኮሳቱ ችግኝ መትከል በጀመሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ እኛ ዘንድ አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፤ የፖርቱጋሎቹ መንገድም ተዘጋ። ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ቢሆንም» አለ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ1643 የሮማው ፖፕ ኡርባን 8ኛ የቡሳኮን ዛፍ የቆረጠ ሁሉ ይወገዝ ብለው አዘዋል፤ ቃሉም በድንጋይ ተቀርጿል። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የኔን አጥር የከረከመው ሰው ነው። «አያስቡ ጋሼ፣ ተመልሶ ያቆጠቁጣል» እያለ መቀሱን እስከ ግንዱ ሰደደው። የጥድ አጥር አረንጓዴው ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ ገለጥ ስታደርጉት ውስጡ ደረቅ ጭራሮ፣ የሸረሪት ድርና ንፋስ ያመጣው ፌስታል ነው። ከዚያ ከደረቀው እንጨት ቅጠል አይወጣም። እንደ ባህር ዛፍ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዘር አይደለም። እነሆ፣ ጎረቤቴ ልብስ ባሰጡ ቁጥር በቀዳዳው እጅ እንነሳሳለን። ውግዘቱ ለኛም ሰፈር ቢደርስ ምን ነበረበት?

ደርቆ የቀላውን አጥር ሁሉ በከርካሚ ማላከክ ግን ግፍ ነው። በ1986 ማላዊ ላይ የተገኘ የጥድ ክሽክሽ የሚባል ተባይ ምሥራቅ አፍሪካን አዳርሶ እኛም ዘንድ ገብቷል፤ ጭማቂውን እየመጠጠ ቅርንጫፉን ያደርቀዋል።

ያም ሆኖ፣ ከመንገደኛ ዓይን ለመከለል ከጥድ የሚሻል አጥር አላየሁም። ብቻ ስታስከረክሙ አጠገቡ ቁሙ፤ መቀሱ ከአረንጓዴው አይለፍ።