«ሲስተም የለም»

በሀገራችን ቢሮዎች «ሲስተም የለም» ከሚለው ቃል የበለጠ ሥልጣን ያለው መመሪያ ያለ አይመስለኝም። ባንክ ቤት ወረፋ ይዘን፣ ወይም ቀበሌ መታወቂያ ልናሳድስ ቆመን ይህችን ቃል ከሰማን በኋላ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሲስተሙ የት ሄደ? ማን አጠፋው? መቼ ይመለሳል? መጠየቁ ራሱ ነውር ይመስል አንገታችንን ደፍተን ወደየቤታችን እንመለሳለን። እኔ ግን ሰሞኑን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተምርበት ተቋም የተማሪዎች ውጤት የሚመዘገብበትን ሥርዓት ከግቢ ውጭ የሚከፍትልን በቪፒኤን ብቻ ነው፤ ማለትም ከቤቴ ላፕቶፕ እስከ ተቋሙ ሰርቨር በሚዘረጋ በተመሰጠረ መሿለኪያ። የተመራቂዎች ውጤት ማስገቢያ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የ31 ተማሪዎችን ውጤት ይዤ ብቀመጥ መሿለኪያው አልከፈት አለ።

ጥፋቱ ከቤቴ፣ ከመንገዱ ወይስ ከተቋሙ በር መሆኑን መለየት ነበረብኝ። ተራ ድረ ገጾች ይከፈታሉ፤ ስለዚህ ኢንተርኔት አለ። የላፕቶፑን ቀንና ሰዓት አየሁ፤ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር የሰርቨሩን የምስክር ወረቀት «ጊዜው ገና ነው» ብሎ አይቀበልምና። ቀኑ ትክክል ነው። የይለፍ ቃል ቢሳሳት ደግሞ ሰርቨሩ «አላውቅህም» ብሎ በመለሰ ነበር። የገጠመኝ ግን እንቢታ ሳይሆን ዝምታ ነው። ፕሮግራሙ ይጣራል፣ ይጠብቃል፣ የሚመልስለት አጥቶ ተስፋ ይቆርጣል።

በኔትወርክ ዓለም ከልካይ በር ሁለት ጠባይ አለው። አንዱ «አይቻልም» ብሎ መልስ ይሰጣል። ሌላው የመጣውን መልእክት ድምፁን ሳያሰማ ይጥለዋል። በሁለተኛው በር ፊት የቆመ ሰው መንገዱ ተቆርጦ ይሁን በሩ ተዘግቶ ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ላፕቶፑን ከእጅ ስልኬ ኢንተርኔት ጋር ባገናኘው መሿለኪያው ወዲያው ተከፈተ። ላፕቶፑም፣ የይለፍ ቃሉም፣ ሰርቨሩም ነጻ ወጡ፤ ተጠርጣሪው የቤቴ መስመር ብቻ ሆነ። የስልኩ ኔትወርክ ግን እየተቆራረጠ ሥራ አላስጨርስ አለኝ። የተቋሙ ባለሙያ በስልክ፣ «ዶክተር፣ ፕሮግራሙ በዩዲፒ 1194 ነው የሚሄደው፤ ወደ ቲሲፒ 443 ይቀይሩት፤ ሰርቨሩ በዚያም ይቀበላል» አለኝ። 443 የተመሰጠሩ ድረ ገጾች የሚመላለሱበት በር ነው፤ እርሱን መዝጋት ኢንተርኔቱን ራሱን ከመዝጋት አይተናነስም። ቀየርሁት፤ ገባሁ። የ31ዱም ውጤት በጊዜው ተመዘገበ።

በማግሥቱ ወደ መስመሩ አቅራቢ ደውዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ ያኛው በር ተበላሽቶ ነው ወይስ ተዘግቶ? መልሱ «የኔትወርክ ችግር ነው» የሚል ሆነ።

ይህ መልስ በሌላ ሀገር ስንፍና ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። እኛ ግን ትዝታ አለን። በ1998 ዓ.ም. መንግሥትን የሚተቹ ጦማሮች ከሀገር ውስጥ መታየት ሲያቆሙ መንግሥት አላገድሁም ብሎ ካደ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ከሀጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የትግራይ ሕዝብ ከሁለት ዓመት በላይ ከኢንተርኔት፣ ለረጅም ጊዜም ከስልክ ተለይቶ ኖረ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ታግደው ስለ ቪፒኤን ሰምቶ የማያውቀው ሁሉ ቪፒኤን ጫነ። ይህን ያየ ሕዝብ የተቃጠለ ራውተር ሲያይ እንኳ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ወሬ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መንግሥት ለጸጥታ ስል ዘጋሁ ሊል ይችላል። እንግዲያው ይበል! ማን አዘዘ? በየትኛው ሕግ? እስከ መቼ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። የተነገረ ክልከላ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ይሞገታል፣ ምናልባትም ይረታል። ያልተነገረ ክልከላ ግን ተከሳሽ የለውም፤ ባለሙያውን በከንቱ ያደክማል፣ ዜጋውን ለአሉባልታ ይዳርጋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ሲስተም የለም» ሲባል ወረፋውን ጥለን ከመሄዳችን በፊት አንዳችን እንኳ «ተበላሽቶ ነው ወይስ ተዘግቶ?» ብለን እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።